ኮምቦልቻ ላይ ከመድረክ የወረድንበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ደሴ

ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ ደግሞ ጉዞ ተብሎ ይጻፋል ወይ የምትሉኝ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፤ ሰው ጠዋት ወርዶ ጉዳዩን ጨርሶ ለምሳ የሚመለስበት መንገድ ነው። እኔም ስንቴ እንደወረድኩት አላውቅም። ግን አንድ ሙሉ ድራም፣ ሦስት ጊታር፣ ሁለት ስፒከርና ሦስት የሚጨቃጨቁ ወንዶች ይዛችሁ ውረዱት፤ ያኔ ጉዞ መሆኑ ይገባችኋል።

አራት ሰዎች ሆነን የሮክ ባንድ አለን። ከድር ሊድ ጊታር ይጫወታል፣ ዮናስ ቤዝ ጊታር ይይዛል፣ ሙሉቀን ድራም ይመታል። እኔ ፋሲካ እባላለሁ፤ እዘፍናለሁ፣ ሦስተኛውም ጊታር የኔ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ የምንለማመደው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ የዮናስ አጎት መጋዘን ነበር። ጎረቤት አቤት ሲል አጎትየው ግድግዳውን በፍራሽ ሸፍኑ አለን፣ ሸፈንን። ድራሙን በብርድ ልብስ ሸፍኑ አለን፣ ሸፈንን። በመጨረሻ መጋዘኑን ሽንኩርት ሞላበትና እኛ ወጣን። የሚለማመድበት ቦታ የሌለው ባንድ ደግሞ ባንድ አይባልም፤ በስልክ ግሩፕ የሚሰዳደቡ አራት ሰዎች ናቸው። ዮናስ አዲስ አበባ ሥራ ልፈልግ ማለት ጀምሮ ነበር። እሱ ከሄደ አለቀ።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ ለሠራተኞቹ ክበብ፣ ለክበቡም ሰፊ አዳራሽ አለው። አዳራሹ ብዙ ቀን ተቆልፎ ነው የሚውለው። ከድር የክበቡን ኮሚቴ ሰብሳቢ እትዬ ዘይነባን በሰው በሰው አግኝቶ ደወለላት። የመለሰችለትን ቃል በቃል ነገረን። «ቅዳሜ የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ መጥታችሁ ተጫወቱ። ሠራተኛው ከወደዳችሁ አዳራሹ በየሳምንቱ የእናንተ መለማመጃ ይሆናል። ካልወደዳችሁ ደግሞ አትቀየሙ፤ ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ።»

ሰው እንዲወደን ማድረግ ነበር እንግዲህ ሥራችን። ስለ ታዳሚ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከስልክ ነው። የውጭ ባንዶች ሲጫወቱ ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራል፣ ሕዝቡ ይዘፍናል። እጅ ሲል እጅ ይነሳል። ጀርባውን ሰጥቶ ከመድረክ ሲወድቅ የእጅ ጫካ ይቀበለዋል። ባለፈው ዓመት ደሴ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ስንጫወት ይኼን የመጨረሻውን ሞከርኩት። ከፊት የቆሙት ወንዶች ልጆች ጨዋዎች ናቸው፤ የሰው ሴት ልጅ እንዴት ይነካል ብለው ሁሉም በአንድ ጊዜ ገለል አሉልኝ። ወለሉ ተቀበለኝ። ብዙ ቀን ደህና አድርጌ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ከድርን እስከ ዛሬ ያስቀዋል።

ለኮምቦልቻ በደንብ አሰብኩበት። አልወድቅም። ሰላምታ እሰጣለሁ፣ እጅ አስነሳለሁ፣ ማይክ አዞራለሁ። አንድ ሕግም አወጣሁ፤ መድረክ ላይ ማንም አይወጣም። እኛ አገር ዘፈን ሲደምቅ ሰው ተነስቶ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ሰርግ ላይ ያምራል። ሮክ ላይ ግን፣ ያውም ከድር ጊታሩን እያስጮኸ፣ ብር ተለጥፎብኝ አልዘፍንም አልኳቸው።

«ሊሸልም የመጣን ሰው ታዲያ ምን ትይዋለሽ?» አለኝ ሙሉቀን።

«ኬብል አለ እለዋለሁ።»

ሙሉቀን ብዙ አይናገርም።

መነኸሪያ

ጉሙ የጦሳን ተራራ ውጦ እስከ መነኸሪያው ወርዷል። ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ነው የሚሄደው። ዕቃችንን ከባጃጅ አውርደን አስፋልቱ ላይ ስንደረድር ሰው ከበበን። የሚኒባሱ ረዳት ትልቁን ከበሮ ዞሮ ዞሮ አየና ፈረደ።

«ይቺ አንድ ሰው ነች። ትከፍላለች።»

«ሰው ከሆነች ወንበር ስጣት» አልኩት።

ሰጣት። ከበሮዋ እንደኛው መቶ ብር ተከፍሎላት በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ የቀረው ዕቃ ጣሪያ ላይ ወጣ። አጠገቧ የደረሳቸው አንድ ከኩታበር የመጡ ቄስ ነበሩ፤ ኮምቦልቻ የምትኖር ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የሚወርዱት። ጥምጥማቸው ጠርዟን እንዳይነካ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዩዋት ቆዩና ከኋላቸው ወደተቀመጥኩት ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኼን ማነው የሚመታው?»

«ያ ከፊት ያለው ልጅ ነው አባ። በእግሩ።»

«በእግሩ።» ትንሽ አሰቡበት። «አንቺስ?»

«እኔ እዘፍናለሁ።»

«ሕዝቡስ?»

«ሕዝቡ ይሰማል።»

«መስማት ብቻ? ቅዳሴ ላይ ካህኑ የሚለው አለ፣ ዲያቆኑ የሚለው አለ፣ ሕዝቡ የሚለው አለ። ሕዝቡ ድርሻውን ካላለ ቅዳሴው አይሄድም። በእናንተ ሕዝቡ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«ማይኩን ስናዞርለት ይላል።»

«ካላዞራችሁለትስ?»

ዮናስ ከፊት ሆኖ «ካላዞርንለት ስልኩን ያያል አባ» አለና አዳነኝ። ሚኒባሱ ሳቀ፤ ቄሱም ሳቁ። መንገዱን ሙሉ ግን ያ ጥያቄ ብተወው ብተወው አልሄድ አለኝ፣ እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገባ።

ቁልቁለቱ

ከተማውን እንደጨረስን መንገዱ ወደ ታች ይጠመዘዛል። በአንዱ ጎን ገደል፣ በሌላው ጎን ባሕር ዛፍ፣ መሃል ላይ ከጅቡቲ መንገድ እያቃሰቱ የሚወጡ ተሳቢ መኪኖች። ሹፌራችን መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጫቱን ይመርጣል፤ ተናገርኩት። «አብሽሪ፣ ይኼን መንገድ መኪናዋ ራሷ ታውቀዋለች» አለኝ። መኪናዋ ስታውቀው አላየሁም። በየመታጠፊያው ከበሮዋ ቄሱ ላይ ትወድቃለች፣ እሳቸው በክንዳቸው ይመልሷታል።

ጆሮዬ ተደፈነ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተደፈነ። ግማሽ መንገድ ላይ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገለጠና ሸለቆው ወጣ፤ ከታች ቢጫ የጤፍ ማሳ፣ ራሱን ያዘነበለ ማሽላ፣ የፋብሪካዎቹ ቆርቆሮ፣ የቦርከና ወንዝ መስመር። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ጃኬት ማውለቅ ጀመርን። ይኼን መውረድ ሁልጊዜ እወደዋለሁ። ደሴ ላይ ሰው ተጨብጦ ነው የሚኖር፤ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ትከሻችሁ ሳታዙት ይፈታል። ከድር ጣቱን ጉልበቱ ላይ እያንቀሳቀሰ ጊታር ሳይኖረው ይጫወታል። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ኮንሰርታችን እንደሚመጣ አድርጌ ማሰብ ያዝኩ።

ኮምቦልቻ

ስንደርስ ፀሐይ መሃል አናት ላይ ነበረች። ቄሱ ሲወርዱ ከበሮዋን ሁለት ጊዜ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት፤ እንደ በሬ። «በሉ ይቅናችሁ» አሉን።

ምሳ መንገድ ዳር በላን። ጥብስ ፍርፍር በአንድ ትሪ፣ ሚጥሚጣው ዓይን የሚያስለቅስ፣ በላዩ የቀዘቀዘ እርጎ። ያቀረበችልን ልጅ ጊታሮቹን አይታ «ሰርግ የማን ነው?» አለችን። ሰርግ እንዳልሆነ፣ ሮክ እንደሆነ ዮናስ አስረዳት። «እሺ፣ ሙሽራው ግን ማነው?» አለች። ዮናስ ተወው።

የፋብሪካው በር ላይ ጥበቃው የከበሮዋን ሆድ አንኳኩቶ «ምን አለበት?» አለን። «ምንም የለበትም» ስንለው አላመነም። ሙሉቀን አንድ ምት መታለትና ሰውዬው አሳለፈን።

እትዬ ዘይነባ አዳራሹን ከፍታ ጠበቀችን። አጭር፣ ፈጣን ሴት ነች፤ ሰማያዊ የሥራ ጋዋኗን አላወለቀችም። ሽመና ክፍል ነው የምትሠራው፤ ከማሽን ድምፅ በላይ መናገር ስለለመደች ሰላምታዋም ትዕዛዝ ይመስላል። አዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ፊት ለፊት ወገብ የሚደርስ የእንጨት መድረክ። ድምፁን ለመሞከር አንድ ጊዜ ጮህኩበት፤ ጣሪያው ሦስት ጊዜ መለሰልኝ። ይኼ አዳራሽ የኛ መሆን አለበት አልኩ በልቤ። ሽንኩርት የማይገባበት አዳራሽ።

ፈረቃው ወጣ

ሠራተኛው ከማሽን ቀጥታ ነው የመጣው። የጥጥ ብናኝ ፀጉራቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ፤ ሁሉም ያለ ዕድሜው የሸበተ ይመስላል። ሴቶቹ በቀኝ፣ ወንዶቹ በግራ ተቀመጡ። ወንበሩ ሞላ፣ ግድግዳውም ሞላ። ልጀምር ልጀምር አለኝ።

«ኮምቦልቻ፣ እንዴት ናችሁ?» ብዬ ማይኩ ላይ ጮህኩ።

ቪዲዮ ላይ ሕዝቡ እዚህ ጋ ይጮሃል። ኮምቦልቻ መለሰልኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መንገድ እንዴት ነበር?»

«ደሴ ብርዱ እንዴት ነው?»

ከሴቶቹ በኩል አንዷ ተነስታ «የሆጤዋ አሚናት ደህና ነች?» አለችኝ። አሚናት የምትባል ሰው አላውቅም። ደህና ነች አልኳት፤ ምን ልበል። ሰላምታው አልቆ ወደ ዘፈን እስክንገባ ከድር ጊታሩን ሁለት ጊዜ ቃኝቷል።

በመጀመሪያው ዘፈን መሃል «እጃችሁን ወደ ላይ» አልኩ። አነሱ። ሁሉም ቀኝ እጁን፣ ቀጥ አድርጎ፣ አንድ አንድ፤ ስብሰባ ላይ እንደሚያደርጉት። ከፊት ወንበር አንዱ ጎልማሳ እጁን ሳያወርድ ጎረቤቱን «ምኑን ነው የምናጸድቀው?» ሲለው ሰማሁ። ዮናስ ቤዙን እንደያዘ ሳቁ ገፍቶት ጀርባውን አዞረ።

ሁለተኛው ዘፈን አዳነን። ከድር እዚያ ዘፈን ላይ ጊታሩን በባቲ ቅኝት ነው የሚያስኬደው፤ ድምፁ የመጋዝ ነው፣ ዜማው ግን የቤታቸው ነው። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ቀጥሎ አንድ ሁለት ራስ መነቅነቅ ጀመረ፣ ቀጥሎ እግር፣ ቀጥሎ የሴቶቹ ጭብጨባ። ሙሉቀን ከኋላ ሆኖ ጭብጨባውን አገኘውና አብሮት ሄደ። ያዝናቸው ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። ደሜ እስከ ፀጉሬ ሥር ሞቀ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነው ያጠፋሁት።

ከወንዶቹ መሃል አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ከኪሳቸው ብር አውጥተው በሁለት ጣታቸው ይዘው በመሃል መተላለፊያው ቀስ ብለው ወደኛ መጡ። አልቸኮሉም፤ ሰዉ እያያቸው መሆኑን ያውቃሉ። ከድር ሶሎው ላይ፣ ጊታሩ ብቻውን የሚያዜምበት ቦታ ላይ ነበር፤ እንደዚያ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። ሰውየው የመድረኩ ደረጃ ላይ እግራቸውን ሲያሳርፉ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። መዳፌን ዘረጋሁ፤ ትራፊክ መኪና እንደሚያቆም። በጣቴ ኬብሉን አሳየኋቸውና ተመልሼ መዝፈን ቀጠልኩ።

ሰውየው ብሩን አጠፉት። ኪሳቸው ከተቱት። እንደመጡት ቀስ ብለው ተመለሱ፤ ወንበራቸው ጋ ሲደርሱ ግን አልተቀመጡም፣ ወጡ። ከኋላቸው አንድ ረድፍ ተነሳ። ከዚያ ሌላ ረድፍ። ሴቶቹም ነጠላቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ወንበሩ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ዞር ስል ከድር ጊታሩን አስቀምጦ እሱም በጎን በር ሲወጣ አየሁት።

ዐስር

እትዬ ዘይነባ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች።

«ለምንድነው የወጡት?» አልኳት።

«ግማሹ ለዐስር ሶላት ነው የወጣው» አለችኝ፤ «ግማሹ በአንቺ ነው።»

«በኔ?»

«ጋሽ ይመርን መለስሻቸው። ፈተል ክፍል ውስጥ ክር መቀጠል እሳቸው ያላስተማሩት ሰው የለም። ሊሸልሙ የተነሱትን ሰው እንደ ሌባ በመዳፍሽ አቆምሻቸው።»

«ኬብል አለ እኮ እትዬ።»

«ኬብሉ ይቅርታ አይጠይቅልሽም። ስሚኝ እታለም፣ ለሶላት የወጣው ሰግዶ ይመለሳል። በአንቺ የወጣውን ግን አንቺ ነሽ የምትመልሽው። ካልሆነም ሻይ ፈልቷል።»

ዮናስ የቤዙን ገመድ መጠቅለል ጀምሮ ነበር። «ተው» አልኩት። «ምኑን ልተወው?» አለኝ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጊታሬን አውልቄ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ በረድፍ ቆመው ይሰግዳሉ፤ ከድርም ጫማውን አውልቆ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። እኔ ቧንቧው ጋ ቆሜ ጠበቅኩ። መጠበቅ የምችል ሰው አይደለሁም፤ ምን እንደምል አሥር ጊዜ አዘጋጅቼ አሥር ጊዜ ጣልኩት። ጋሽ ይመር ሰግደው፣ ዱዓቸውን ጨርሰው፣ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ሄድኩ።

«ጋሽ ይመር፣ አፉ ይበሉኝ።»

«ስለምኑ?»

«ስለመለስኩዎት። ሊሸልሙኝ እንደሆነ አውቄ ነው የመለስኩዎት። አላወቅኩም ብል ውሸት ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺን ማን ሊሸልም ነው የመጣ?»

በጣታቸው ወደ አዳራሹ አመለከቱ።

«ያንን ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ ነው» አሉኝ። «አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እሱ ይሠራል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ሳይጠርገው ሲመታ አየሁት፤ አላስችል አለኝ።»

«እኔም እሠራለሁ ጋሼ» አልኩ። አሁን ሳስበው እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ።

«ድምፅ አለሽ፣ ማሻ አላህ። እሱን ማን ካደሽ?» ፈገግ አሉ፤ ጥርሳቸውን ሳይሆን ዓይናቸውን ነው ያየሁት። «እኔ አፉ ብያለሁ። ግን እዚህ ቧንቧ ሥር አይደለም የመለስሽኝ። ሰው ፊት ነው። ሰዉ ደግሞ ያየውን ነው የሚያውቀው።»

ለመመለስ አልተጣደፉም። እኔ ግን ሮጥኩ።

ወለሉ ላይ

አዳራሽ ገብቼ «ድራሙን አውርዱት» አልኩ። ዮናስ ልንሄድ መስሎት ከበሮዋን ብድግ አድርጎ ወደ በሩ ዞረ። «ወደዚያ አይደለም፣ ወደ መሃል።» ሙሉቀን ምንም ሳይጠይቀኝ ወንበሩን ተሸክሞ ወረደ። ከድር ተመለሰና አይቶን አንድ ጊዜ አፏጨ። ለሶላት ወጥተው የተመለሱት ቆመው ሲያዩን እትዬ ዘይነባ በማሽን ድምፅዋ «ምን ታያላችሁ፣ ያዙ እንጂ» አለች፤ ከዚያ በኋላ እኛን ዕቃ የሚያስነካ አልነበረም። አንዱ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኬብሎቹን ሰብስቦ በአንድ መስመር አስተኛቸው፣ ሁለት ሴቶች ከክበቡ ክፍል ምንጣፍ ጎትተው ላዩ ላይ ዘረጉ። ሰርግ ቤት የለመደ እጅ ነው። ወንበሮቹን ዙሪያችንን አዞሯቸው። ኬብል የሚባል ምክንያት ምንጣፍ ሥር ገባ።

ማይኩን ያዝኩ። የመጀመሪያዎቹ ወንበሮች ክንዴን ብዘረጋ ይነኩኛል።

«ቅድም ጋሽ ይመር ሙሉቀንን ሊሸልሙ ነው የተነሱት። እኔ ነኝ የመለስኳቸው። አጥፍቻለሁ። አሁን እኛ ወርደናል፤ መንገዱም ክፍት ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። በሩ ላይ የቆመው የፈተል ክፍል ሰው ወደ ውጭ አየ፣ ወደኔ አየ፣ እንደገና ወደ ውጭ አየ። ሙሉቀን መጠበቅ ሰለቸውና ጀመረ። ያንኑ ሰው የወጣበትን ሦስተኛውን ዘፈን ነበር፣ ከመጀመሪያው።

ከድር ሶሎው ላይ ሲደርስ ጋሽ ይመር በበሩ ገቡ። እንደ ቅድሙ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ቀስ ብለው መጡ። ሶሎው ሊያልቅ ነው፣ እሳቸው ገና መሃል መንገድ ላይ ናቸው። በልምምድ ጊዜ እዚህ ላይ እኔ እገባለሁ። አልገባሁም። ከድርን አየሁት፤ ገባውና ያችኑ መጨረሻዋን ዜማ መለሳት፣ እንደገና መለሳት። ዮናስ ከሥር ያዘው። ጋሽ ይመር ደረሱ። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው መጀመሪያ የሙሉቀንን ላብ ጠረጉ፤ ግንባሩን፣ ዓይኑን። ከዚያ ብሩን ለጠፉ። ብሩ ተንሸራትቶ አንድ ዓይኑን ሸፈነው። ሙሉቀን ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ ማንሳት አልቻለም፤ በአንድ ዓይኑ እያየ፣ ጥርሱን ሁሉ አውጥቶ መታ። ይኼን ልጅ አራት ዓመት አውቀዋለሁ፣ ጥርሱን እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

ጋሽ ይመር ሲመለሱ ትከሻቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ሰበቁ። አንድ ጊዜ። አዳራሹ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሥርዓት ልጽፈው አልችልም። ለሽልማት የመጣው ሁሉ የራሱን እስክስታ ይዞ ነው የመጣ፤ እኛ ደግሞ ሰው በመጣ ቁጥር ያንን ዜማ እያዞርን እንጠብቃለን። የስድስት ደቂቃው ዘፈን መጨረሻው ጠፋ። የሴቶቹ ጭብጨባ ከሙሉቀን ምት ጋር ተጋጨ፣ ተስማማ፣ ከዚያ እሱን ይነዳው ጀመር። ከፈተል ክፍል አንዲት ቀጭን ልጅ ምንጣፉን አቋርጣ መጥታ፣ ማይኩን ሳይሆን ክንዴን ያዘችና «ተቀበይ» አለችኝ። ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ፤ እኔ በጩኸት ዘፈንኩት።

ስቀጥል ውዬ ቀን የተበጠሰ ክር፣
ማን ይቀጥልልኝ የኔን የሆድ ነገር።

ሴቶቹ በአንድ ድምፅ መለሱት። ማይክ አላዞርኩላቸውም። እንደገና መለሱት፣ ከድር ጊታሩን አስጮኸበት፣ ልጅቷ እዚያው ቆማ ሁለተኛ ግጥም አሰበች። ከኋላዋ ሌላ ሰው ተራ ይዞ ነበር። ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። ደስታ እንደዚህ ያደክማል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ሻይ

ሻዩን ጠጣን፤ ግን ሌላ ሻይ ሆኖ ነው። አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየሰበሰቡ ሰዎቹ ይከራከራሉ። የፈተል ክፍል ቅዳሜ ይሁን ይላል፣ የሽመና ክፍል በፈረቃችን አይመቸንም፣ እሑድ ይሁን ይላል። አንዱ «አርብ ማታስ?» ሲል አምስት ሰው ተነሳበት። ይምጡ ወይስ አይምጡ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዮናስ ሻዩን ይዞ ከዚህ ክርክር ወደዚያ ክርክር አንገቱን ሲያዞር አየሁት። ስለ አዲስ አበባ አልተናገረም።

በመጨረሻ ቅዳሜ ሆነ፣ ከዐስር በኋላ። እትዬ ዘይነባ ቁልፉን ከጋዋኗ አወጣች። እጄን ዘረጋሁ።

«ለአንቺ አይደለም» አለች። «ጋሽ ይመር ለሚሠራው ልጅ ስጪው ብለውኛል።»

ሙሉቀን ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ፤ አውጥቶ ሌላኛው ኪሱ ከተተ። ከድር ከሳቁ የተነሳ ሻዩን ደፋ። እኔን ትንሽ አመመኝ፤ አልዋሽም። ቢሆንም ከልጁ ጋር መጣላት አልቻልኩም፣ ብሩን እስከዚያ ሰዓት ከግንባሩ አላነሳውም ነበር።

ወደ ቤት

ፀሐይ ሳትገባ የመጨረሻዎቹን ሚኒባሶች ደረስንባቸው። ሽቅብ ስንወጣ ሙቀቱ በየመታጠፊያው እየቀነሰ፣ ጃኬቱ እየተመለሰ፣ ከላይ የደሴ መብራት በጉሙ ውስጥ ደብዝዞ እየታየ። ከድርና ዮናስ ተደጋግፈው ተኙ። ሙሉቀን በሁለት ጣቱ ጉልበቱ ላይ የሴቶቹን ጭብጨባ ይሞክራል፤ ይሳሳታል፣ ይመለሳል።

እናቴ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ወድቄ መምጣቴን ለምዳለች።

«ወደዱሽ?» አለችኝ።

«ሙሉቀንን ወደዱት። እኔን ቻሉኝ።»

«አዳራሹስ?»

«ሰጡን።»

«እንግዲያ ምን ሆኖ ነው ፊትሽ?» አለችና ውሃ ልታሞቅልኝ ገባች።

ምንም አልሆንኩም፤ እያሰብኩ ነበር። ከታዳሚ ጋር መገናኘት ማለት እኛ ለሰው የምናደርገው ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እጅ ማስነሳት፣ ማይክ ማዞር፣ መጮህ። ኮምቦልቻ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ሰላምታውን ይዞ ይመጣል፣ ጭብጨባውን ይዞ ይመጣል፣ ግጥሙን ይዞ ይመጣል፤ ለማን እንደሚሰጠውም ራሱ ነው የሚመርጠው። እኔ ያንን ይዞ የመጣን ሰው በመዳፌ አቁሜ፣ ሰዉ ቀዝቃዛ ነው ልል ነበር። ከዚህ በኋላ ዘፈኖቻችን ሁሉ መሃላቸው ላይ ሰው የሚገባበት ክፍት ቦታ ይኖራቸዋል። ይኼንኑ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከትቼ ለግሩፑ ጻፍኩ።

ቀድሞ የመለሰልኝ ከድር ነው። ክፍቱ ቦታ ላይ ዜማዋን ስንት ጊዜ እንደሚመልሳት ቁጥሩን እንድነግረው ፈለገ።

የመጣው ሰው ተመልሶ እስኪቀመጥ ድረስ አልኩት።